ስለ መክተፊያ ንጽሕና፤ ሎሚና ጨው ምን ያህል ይረዳሉ?

የአንድ ቤት ንጽሕና ብዙ ጊዜ የሚመዘነው እንግዳ በሚቀመጥበት አዳራሽ፥ በምንጣፉና በመጋረጃው ነው። የቤተ ሰብ ጤና ግን የሚጠበቀውም የሚጠፋውም በወጥ ቤት ነው። ከወጥ ቤትም ዕቃ ሁሉ ሥጋውን፥ ሽንኩርቱን፥ ጎመኑንና ቃሪያውን በየተራ የሚቀበለው መክተፊያው ነው። ስለዚህ የመክተፊያ ነገር ለሠራተኛ ብቻ የሚተው ትንሽ ጉዳይ ሳይሆን የቤቱ ጌታና እመቤት ሊያውቁት የሚገባ ነው።

በአገራችን እመቤቶች ዘንድ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። መክተፊያውንም እንዲሁ በሎሚ ቁራጭና በጨው የሚፈትጉ አሉ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ጨው ሻካራ ስለሆነ በቢላ ጭረት ውስጥ የገባውን ስብ ፍቆ ያወጣል፤ የሎሚው ኮምጣጣነትም የዓሣን ሽታ ያጠፋል፥ ከተሐዋስያንም አንዳንዶቹን ያዳክማል። አቼቶም ሥራው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን የሽታ መጥፋት የንጽሕና ምስክር አይደለም። ሎሚም ሆነ አቼቶ ተሐዋስያንን ሁሉ አጥርቶ ስለማይገድል፥ ረዳት ይሆናል እንጂ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ፈንታ ሊቆም አይችልም።

ጉዳቱን ለመረዳት በበዓል ዋዜማ ዶሮ ሲበለት እንመልከት። 12ቱ ብልት ወደ ድስት ይገባል፤ እሳትም ስለሚያገኘው በላዩ የነበረው ተሐዋሲ ይሞታል። በመክተፊያው ላይ የቀረውን ግን እሳት አያገኘውም። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በጥሬ ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። በዚያው መክተፊያ ላይ ለሰላጣ የሚሆን ቲማቲምና ቃሪያ ቢከተፍ፥ ሳይበስል ወደ ገበታ ይቀርባልና ተሐዋሲውም አብሮ ይቀርባል። ሳልሞኔላ የሚያመጣው ትኩሳት፥ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህም የታመመው ሰው ምች መታኝ ይላል እንጂ መክተፊያውን አይጠረጥርም። ጤነኛ ጎልማሳ በጥቂት ቀን ሊድን ይችላል፤ ለሕፃንና ለሽማግሌ ግን ነገሩ እስከ ሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችላል።

ክትፎ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሬውን ወይም ለብለብ ሆኖ የሚበላ ሥጋ ከመክተፊያው ከተነሣ በኋላ የሚያጠራው በቂ እሳት የለም። ስለዚህ የክትፎው መክተፊያ፥ የዶሮው መክተፊያ፥ የአትክልቱም መክተፊያ የተለያዩ መሆን ይገባቸዋል። እንዳይለዋወጡም በዳር በዳራቸው በጋለ ብረት ምልክት ማድረግ ይበቃል። ይሁን እንጂ የመክተፊያው መጥራት ሥጋውን አያጠራውም። የኮሶ ትል ዕጭ የሚኖረው በከብቱ ሥጋ ውስጥ ስለሆነ፥ መክተፊያ በማጠብ ሳይሆን ሥጋውን በማስመርመርና አጥብቆ በማብሰል ነው የሚከላከሉት።

ብዙ ሰዎች የፕላስቲክ መክተፊያ ከእንጨት ይልቅ ንጹሕ ነው ብለው ያምናሉ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዲን ክሊቨርና ባልደረቦቻቸው መርምረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ግን ይህን እምነት አናውጦታል። በእንጨት ላይ የፈሰሱት ተሐዋስያን ወደ ውስጥ ሰርገው ስለሚገቡ ከላዩ ላይ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ በቢላ የተጫጫረ ፕላስቲክ ግን በእጅ ታጥቦ በቀላሉ አልጠራም። ስለዚህ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት የሚናቅ አይደለም። የእንጨት ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ እንደሆነ ያብጣል፥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የተሐዋስያን መሸሸጊያ ይሆናል።

እንግዲህ የአጸዳዱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፤ ሥጋው እንደ ተነሣ ወዲያውኑ መክተፊያውን በለብታ ውኃ ማለቅለቅ ነው፤ የፈላ ውኃ አስቀድሞ ቢያገኘው ደሙ ረግቶ ይጣበቃልና። ሁለተኛ፤ በሙቅ ውኃ፥ በሳሙናና በብሩሽ ፊቱንም ጀርባውንም ጎኑንም መፈተግ። ሦስተኛ፤ ሽታ ወይም እድፍ የቀረ እንደሆነ ደቃቅ ያልሆነ ጨው ነስንሶ በግማሽ ሎሚ ማሸት፥ ጥቂት ቆይቶም ማለቅለቅ። አራተኛ፤ መክተፊያው ራሱ እስኪግል ድረስ የፈላ ውኃ ደጋግሞ ማፍሰስ። አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ላይ ስለ ሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳልሞኔላ ግን በ70 ዲግሪ ሙቀት ፈጥኖ የሚሞት ስለሆነ ይህ ይበቃል። አምስተኛ፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፥ ሳያጋድሙ ነፋስና ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ ማቆም። ብዙ ቤት የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የደረቀ እንጨት ለተሐዋስያን መራቢያ አይሆንም።

ጥሬ ዶሮ ከተበለተ በኋላ ይበልጥ ለመተማመን የሚፈልግ ሰው በረኪና መጠቀም ይችላል። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የሚመክረው መጠን ሽታ ያልተጨመረበት 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ገደማ ውኃ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ነገር ግን በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ ማደባለቅ አይገባም። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን መርዝ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮችን የፈጀው ነው። ሁለት ማጽጃ ቢደባለቅ ይበረታል ብሎ ማሰብ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ከምድር የበቀለ ሁሉም ለምግብ ዕቃ አይስማማም። እንዶድ ልብስን አጥርቶ እንደሚያጥብ የታወቀ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁትም ይህንኑ እንዶድ ነው። ለቀንድ አውጣ መርዝ የሆነ ነገር ምግብ በሚከተፍበት እንጨት ላይ ሊቀር አይገባውም።

በመጨረሻም ጭረቱ የጠለቀ ወይም የተሰነጠቀ መክተፊያ እንደ ማገዶ ይቈጠር እንጂ በቁጠባ ስም አይያዝ። ሠራተኛይቱንም በቁጣ ከማዘዝ ይልቅ ምክንያቱን ማስረዳት ይሻላል፤ ለምን እንደምትደክም ያወቀች ሰው እመቤቷ ባትኖርም ሥራዋን አታጓድልምና። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይበጃል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ድካሙ አንድ ተጨማሪ መክተፊያ፥ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጥቅሙም በበዓል ማግስት ልጆች በጤና መነሣታቸው ነው።