ፍኖተ ሰላምን በምርኩዝ

የትንሣኤ በዓል በደረሰ ቁጥር በየቤቱ ጓዳው በዝግጅት ይሞላል፤ ድፎው ይደፋል፣ ዶሮው ይታረዳል፣ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። የታመመን መጎብኘት፣ የተቸገረን ማሰብም ከበዓሉ ጋር አብሮ የኖረ የአባቶቻችን ልማድ ነው። በዚህ መልካም ልማድ ውስጥ ግን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ጉድለት አለ። በጦር ሜዳ አካሉን ያጣውን ጎረቤታችንን እንጀራና ወጥ ይዘን እንጠይቀዋለን፤ ሐሳቡን ግን አንጠይቀውም። ስለሚጠቀምበት መሣሪያ፣ ስለ ጤናውና ስለ ዕለት ኑሮው ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚያስፈልገውን እኛው እንወስንለታለን።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ያልፋል። ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱ ግን ጦርንም ያውቃል። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያም ወዲህ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር በየዘመኑ ለዘመቻ የወጡ ልጆች ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል፤ ሁሉም ግን በሁለት እግራቸው አልተመለሱም። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን አባላቱንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ደግሞ ሌሎች ጉዳተኞችን ጨመረ።

ከእነዚህ አንዱ የሆኑና በቡሬ ገጠር የሚኖሩ አባት ስለ ኑሯቸው ያላቸውን አስተያየት አካፍለውናል። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡት በተቀበረ ፈንጂ ነው። ለቁስላቸው ከንፈር ከሚመጥላቸው ሰው ይልቅ ሐሳባቸውን የሚያደምጥ እንደሚሹ አስቀድመው ነግረውናል።

እርሳቸው መሣሪያን ሁሉ የሚመዝኑት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ሞፈሩ ቢሰበር ገበሬው ራሱ ሌላ ይጠርባል፤ ማረሻው ቢደንዝ በቅርብ ያለው ባለ እጅ ይስለዋል። ሰው ሠራሽ እግር ግን እንዲህ አይደለም። ከማዕከል ተለክቶ ይሠራል፤ ሲላላም ሲሰነጠቅም ወደ ማዕከል መመለስ ግድ ነው። ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ሰው የሚቀርበው ባሕር ዳር የሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ነው። ይህም መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የስንቅ ጣጣ ያለበት ጉዞ ነው።

የባለሙያዎች ዕውቀትም የእኒህን አባት አስተያየት ይደግፋል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በብዙ አገሮች ያስፋፋው ሰው ሠራሽ እግር ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ነው፤ ቀላል፣ ጠንካራና ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አይደለም፤ ለአዋቂ ሰው በየ3 እና በየ5 ዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል። ከተቆረጠው እግር የተረፈው ክፍል በተለይ በመጀመሪያው ዓመት እየከሳ ስለሚሄድ፣ ትናንት ልክ የነበረው ማቀፊያ ዛሬ ይሰፋል። የልኬቱ ጊዜ ከእርሻ ወይም ከአጨዳ ጋር ሲገጥም ገበሬው ጉዞውን ያዘገያል፤ በሰፋው ማቀፊያ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፤ ጨርቁ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ወደ ምርኩዝ ይመልሰዋል። በመጨረሻም እግሩ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ መስጠት ብቻውን እርዳታ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ነገርን ሁሉ ግን አይነቅፉም። የእጅ ስልክን ያመሰግናሉ፤ ባለሙያው መኖሩን፣ ዕቃው መግባቱን ከመነሣታቸው በፊት ደውለው ለማወቅ አስችሏቸዋልና። ባጃጅንም ያመሰግናሉ፤ መወጣጫው እንደ አውቶቡስ ከፍ ያለ ባለመሆኑ የሰው ትከሻ ሳይሹ ይሳፈሩበታል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ስለ ምርኩዝ ጫፍ ጎማ የሚናገሩት ነው። ጎማው ሲያልቅ ምርኩዙ በክረምት ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ አንድ ጊዜ መውደቅም የቀረውን እግር ሊያሳጣ ይችላል። በበዓል ቀን ብዙ ነገር ይዞላቸው የሚመጣ ሰው ይህችን ትንሽ ጎማ አስቦ እንደማያውቅ በፈገግታ ነግረውናል።

ስለ ጤና ሲናገሩ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያየው የሌለውን እግር ነው፤ እርሳቸው የሚፈሩት ግን ለቀረው ነው። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያስከትላል፤ መከላከያው ጫማና ንጹሕ ውኃ ነው። ባለ አንድ እግር ሰው ቢታመም የሚደገፍበት ሌላ እግር የለውምና ጫማ ለእርሱ ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ነው።

የተቆረጠው እግርም የራሱ ሥርዐት አለው። በየማታው በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ፣ ካልሲው በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳው መቅላት አለመቅላቱ መታየት አለበት። ወደ ኋላ ያለውን ክፍል ለማየት ትንሽ መስተዋት ትበቃለች። መስተዋት ሌላም አገልግሎት አላት። እግሩ የተቆረጠበት ሰው የሌለው እግሩ ሲያሳክከውና ሲያቃጥለው ሊሰማው ይችላል። ይህ ቅዠት ወይም የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ የወታደር ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ የመዘገቡት እውነተኛ ሕመም ነው። ጤነኛውን እግር በመስተዋት እያዩ ማንቀሳቀስ ለአንዳንዶች ሕመሙን እንደሚያቀልላቸው ባለሙያዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ሊሰማው እንጂ ሊስቅበት አይገባም።

በዕለት ኑሮ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጥቂት አመንትተው መጸዳጃ ቤት መሆኑን ነገሩን። በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት አይቻልም። መፍትሔው መካከሉ የተቦረቦረ የእንጨት ወንበር ነው፤ የመንደር አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ይህን ለመናገር ብዙዎች ስለሚያፍሩ ዓመታትን በጭንቅ ያሳልፋሉ። እርሻውን በተመለከተ መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው እርሳቸው ተቀምጠው በርበሬ ይለቅማሉ። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች አገር ናትና ሥራ አይጠፋም። ሥራ መፍታት ከቁስል ይልቅ ያማል የሚል እምነት አላቸው።

ሌላው ያነሡት የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። በሰሙነ ሕማማት እንደ ሌላው መስገድ ባለመቻላቸው ለጥቂት ዓመታት ከደጀ ሰላም ርቀው ነበር። መቋሚያ ለቆመው ሁሉ ድጋፍ ሆኖ ሳለ የእርሳቸው ምርኩዝ ብቻ ለምን እንግዳ እንደሆነባቸው ኋላ ራሳቸውን ጠየቁ። የንስሐ አባታቸውም ራስን ዝቅ ማድረግ ከጉልበት ብቻ እንደማይመጣ አስረዷቸው። ፍትሐ ነገሥትም ለሕሙማን የጾምን ሥርዐት ያቀልላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ባያቋርጥ መልካም ነው።

ስለዚህ ነገር ሲነሣ የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት ማስታወስ ተገቢ ነው። የክብር ዘበኛው ወታደር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከ8 ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተከፈተ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ፣ የታከመው በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነው። የውድድሩ መነሻም ያው ሆስፒታል ነበር፤ ዶክተር ጉትማን በ1940 ዓ.ም. 16 የጦር ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ ያወዳደሩት በዚያ ነው። አበበም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በዚያው ስፍራ ቀስት ወረወረ። ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ እንደተቀበለ ተናግሯል። ሆኖም መቀበል ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ በሥራው አሳይቷል።

ሕግም ጉዳዩን አልዘነጋውም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ነገር ግን አዋጅ የማይደርስበት ጓዳና ደጃፍ አለ፤ እዚያ የሚደርሰው ቤተሰብና ጎረቤት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ በዓል የጦር ጉዳተኛ ወዳለበት ቤት ስንሄድ ከምንይዘው መሶብ ጋር አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ፤ ምን ተሰብሮብሃል፣ ምን ይጠገንልህ? መልሱ ምናልባት የምርኩዝ ጎማ፣ ምናልባት አንድ ወንበር፣ ምናልባትም እስከ ባሕር ዳር አብሮት የሚጓዝ ሰው ሊሆን ይችላል። ፋሲካው ካለፈ በኋላም ተመልሰን መጠገኑን እንይ። የሰላም መንገድ በምርኩዝ ለሚሄደውም ጭምር የተቃና ሲሆን ነው ስሙ የሚያምርበት።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። መልካም በዓል።