ለሽያጭ የሚሆን ፎቶ እንዴት ይነሳል?

በናይሮቢ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በንግድ ነው። ቀደም ሲል ነጠላ የሚገዛ ሰው ኢስሊ ድረስ ሄዶ፣ ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ፣ ጥለቱን ወደ ብርሃን አውጥቶ ካየ በኋላ ነበር ዋጋ የሚከራከረው። ዛሬ ግን ብዙው ገዢ በዋትስአፕ ወይም በቲክቶክ ፎቶ ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ በኤምፔሳ ይከፍላል። ዕቃው እጁ እስኪገባ የሚያምነው ፎቶውን ነው። ስለዚህ ጥሩ የማስታወቂያ ፎቶ ማለት ገዢው በእጁ ሊያረጋግጥ የሚፈልገውን በዓይኑ የሚያሳየው ነው። ለዚህም የእጅ ስልክ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ብርሃን፦ ናይሮቢ ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ስለሆነች በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ደጅ የተነሳ ፎቶ ጥላው ይጠቁራል፣ ነጩም ያጥበረብራል። ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጡና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ብታቆሙ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያሳሳዋል። ፍላሹንና አምፖሉን አጥፉ። ቢጫ የአምፖል ብርሃን ከቀን ብርሃን ጋር ሲቀላቀል የበርበሬውን መልክ ይለውጠዋል።

ነጭና ጥቁር ዕቃ፦ ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ድምቀት ማምጣት ይወዳል። በዚህ ምክንያት ነጭ ነጠላ ስክሪኑን ሲሞላው ብዙ ጊዜ ግራጫ መስሎ ይወጣል፤ ጥቁር ጀበናም አመድ የነካው ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃው ያለበትን ቦታ በስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ንኩ። በብዙ ስልኮች ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይወጣል። ለነጠላው ወደ ላይ፣ ለጀበናው ወደ ታች ሳቡት።

ቅርጽና መጠን፦ ስልኩን በጣም ካስጠጋችሁት የጀበናው ሆድ ያብጣል፣ አንገቱም ይቀጥናል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ አቅርባችሁ አንሱ። መሶብ ብቻውን ሲታይ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። አጠገቡ ስኒ ብታስቀምጡ ግን ገዢው መጠኑን ወዲያው ይገምታል። ቁመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ከፎቶው ሥር ጻፉ። የኋላው ገጽታ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ወይም ግድግዳ ይሁን።

ስንት ፎቶ? ለአንድ የሐበሻ ቀሚስ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል፦ ሙሉው ከፊት፣ ሙሉው ከኋላ፣ ጥለቱ ከቅርብ፣ እንዲሁም ሰው ለብሶት። ጥለቱን ከቅርብ ስታነሱ ክሩ እስኪለይ ድረስ ጥርት ይበል፤ የሸማኔው ድካም የሚታየው እዚያ ነውና።

እውነት፦ ፊልተር በርበሬን ከሆነው በላይ ያቀላዋል፣ የቀሚሱንም ቀለም ይለውጠዋል። እንዲህ ያለው ፎቶ አንድ ጊዜ ያሸጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃው ይመለሳል፣ የመላኪያው ገንዘብ ይባክናል፣ ደንበኛውም ለጎረቤቱ ይናገራል። በኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግም ስለ ዕቃ ጥራትና ዓይነት አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። ዕቃው እድፍ ወይም የተተረተረ ክር ካለው እሱንም አንስታችሁ አሳዩ፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ አድርጉ። ጉድለቱን ያልደበቀ ሻጭ ስለ ሌላው ዕቃ ሲናገር ይታመናል።

ተማሪዎች፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ ለቤተሰባችሁ ሱቅ ይህን መሥራት ትችላላችሁ። ፎቶውን ከመልቀቃችሁ በፊት ዕቃውን ላላየ ሰው አሳዩትና ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መጠኑ ስንት ይመስልሃል? ቀለሙ ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? መልሱ ትክክል ከሆነ ፎቶው ለገበያ ደርሷል። ከተሳሳተ ደግሞ የትኛውን ፎቶ እንደገና ማንሳት እንዳለባችሁ ነግሯችኋል።