የጣና ውኃ ለጎረቤት ገበያ

ከባሕር ዳር አጠገብ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ወደ ሱዳን ሲወርድ ኖሯል። የሴናር ግድብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ከተሠራ ወዲህ ይኸው ውኃ በገዚራ ሜዳ ጥጥ እያበቀለ ብዙ ነጋዴ ሲያበለጽግ፥ ለምንጩ አገር ዋጋ የከፈለ አልነበረም። እንዲያውም ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ውል ሲፈርሙ፥ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ ጣናንና ዓባይን የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ቃል ገብተው ነበር።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ግን ነገሩን በንግድ ሚዛን ተመለከቱት። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ሐሳቡ ኢትዮጵያ በጣና መውጫ ግድብ አሠርታ፥ የተጠራቀመውን ውኃ ለታችኞቹ አገሮች በዋጋ እንድታቀርብ ነበር። በለንደን ብዙ ጩኸት ተነሣ፤ ቢሆንም መሐንዲሶች መጥተው ሐይቁን አጠኑ፥ ጉባኤም ተደረገ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሪቱን ስትወር ጉዳዩ በወረቀት ላይ ቀረ።

በጥሬው ገዢ ያጣው ሀብት ተሠርቶ ሲቀርብ ገበያ አገኘ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ታስቦ ተሠራ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የሱዳን የኤሌክትሪክ መስመር በገዳሪፍ ተመረቀ፤ መጠኑም 100 ሜጋ ዋት ነበር። ቀድሞ የዘጌ ቡና ወደ መተማ ገበያ በሚጓዝበት አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ወረደ ማለት ነው።

ነገሩ ያለ ኪሣራ አልሆነም። የጭስ ዓባይ ሁለተኛው የኃይል ጣቢያ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ፏፏቴው ለብዙ ጊዜ ሳስቶ ታየ፤ በእንግዳ የሚተዳደር ባለ ሆቴል ይህን ሒሳብ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በኢጣልያ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ያለ ኃይል አይፈትልም፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር የከተማው ሰው ስለ ውጭው ሽያጭ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት፥ ከዚያም በክልሉ የተነሣው ግጭት የመተማን መንገድ አውኮታል። ሰሊጥ የጫነ መኪና ኬላ ላይ ይቆማል፤ ሽቦ አይቆምም። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን በዚያ ማዶ ያለ ሰው ነው።