ለምርመራ የበቃ ፕሮቲን ለክትባት ላይበቃ ይችላል

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ከቦረና እስከ ሳይንትና ለጋምቦ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በገጠር ሰውና ከብት ተጠጋግተው ማደራቸውና ከአንድ ምንጭ መጠጣታቸው የተለመደ በመሆኑ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ ትኩሳት ያለበትን ሕመምተኛ የሚያይ ባለሙያ ሊዘነጋው የማይገባ በሽታ ነው። መንስኤው ሌፕቶስፓይራ የተባለ ቀጭን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በከብት፣ በውሻና በአይጥ ኩላሊት ውስጥ ኖሮ ከሽንት ጋር ይወጣል፣ በረጠበ አፈርና በኩሬ ውሃ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ በተላላጠ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ በኩልም ወደ ሰው ይገባል፤ ስለዚህም ጋጣ የሚጠርጉ ሴቶችና ከብት የሚያግዱ ልጆች በተለይ በክረምት ለአደጋው ቅርብ ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የወንጂ ጥናት ትኩሳት ከነበራቸው 59 ሕመምተኞች ግማሽ በሚጠጉት ላይ ምልክቱን አግኝቷል፤ አገሪቱም በ2015 እ.ኤ.አ. ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት በሽታዎች ቅድሚያ ከሰጠቻቸው አምስቱ አንዱ አድርጋዋለች።

ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱና የባት ሕመሙ ከወባ፣ ከግርሻ፣ ከታይፎይድና ከታይፈስ በቀላሉ ስለማይለይ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። በሽታውን ለመለየት እንደ ዋቢ በሚቆጠረው ምርመራ ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ፣ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ከበርካታ ሕያው የሌፕቶስፓይራ ዓይነቶች ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም ባክቴሪያዎቹ ተጣብቀው መጓጎላቸው ወይም እንደ ልባቸው መዋኘታቸው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሕያው ባክቴሪያን ሳያቋርጡ ማራባት ግን ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ነው።

ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ይህን ሸክም ያቃልላል። አንዱን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ-መል ብቻ ተወስዶ፣ ፕላዝሚድ በተባለ ክብ ዲኤንኤ ላይ ተቀጥሎ፣ ለማራባት ወደሚቀለው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ይገባል፤ የተመረተው ፕሮቲን በጫፉ የተጨመሩለት ስድስት ሂስቲዲኖች ኒኬል ባለው ማጣሪያ ላይ ስለሚያስይዙት፣ ሌላው ታጥቦ ሲሄድ እርሱ ይቀራል። ለዚህ ከተመረጡት አንዱ ሊፕኤል32 ነው፤ በሽታ አምጪ በሆኑት ሌፕቶስፓይራዎች ሽፋን ውስጥ ከሁሉም በብዛት የሚገኝ፣ በሽታ በማያመጡት ዘንድ ግን የሌለ በመሆኑ፣ ሰውነት በእርሱ ላይ ያመረተውን አንቲቦዲ ማግኘት ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ስለመግባቱ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ይሁንና አንቲቦዲው በመጀመሪያዎቹ የሕመም ቀናት ገና ስለማይደርስ «የለም» የሚል ውጤት በሽታውን አያስቀርም።

ይኸው ፕሮቲን በክትባትነት ሲሞከር ግን አስተማማኝ መከላከያ ሊሆን አልቻለም፤ ሊፕኤል32 እንዳይኖረው የተደረገ ሌፕቶስፓይራም በሽታ ከማምጣት አልታገደም። የተሻለ ተስፋ ያሳዩት ሊግኤ እና ሊግቢ የተባሉት ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ሃምስተር በተባሉ የላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ሞትን ቢከላከሉም ባክቴሪያውን ሁልጊዜ ከኩላሊት አያጠፉም። ለከብት አርቢ አገር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ላሚቱ ድና ሽንቷ ባክቴሪያውን እንደያዘ ከቀጠለ፣ ጋጣውን የሚጠርገው ሰው ምንም አላተረፈም። የሞተ ባክቴሪያ ያለባቸው ነባር የእንስሳት ክትባቶችም የሚከላከሉት በውስጣቸው ያሉትን ዓይነቶች ብቻ ሲሆን፣ በየጊዜው መደገም ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ለቦረናና ለሳይንት መቅደም ያለበት ምርመራው ነው፤ እርሱም «አለ» እና «የለም» የሚለይበት ልክ በሌላ አገር ደም ሳይሆን በዚሁ ደጋ ሰውና ከብት ደም መወሰን ይኖርበታል። የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች በትኩሳት ከመጡ ሕመምተኞችና ከጨነገፉ ላሞች፣ ዛሬና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሁለት ሁለት የሴረም ናሙና መያዝ ይጀምሩ፤ ጥርጣሬው የበረታበት ሕመምተኛ ግን ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቅ ዶክሲሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ይሰጠው።