ሣር፣ አፈር ወይስ ቆርቆሮ? የሰቆጣ ቤት ጣሪያና ሳይንሱ

በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉት ጥንታውያን ጠራቢዎች የጣሪያ ምርጫ አላስጨነቃቸውም፤ ግድግዳውም ጣሪያውም አንድ አለት ነውና። ዛሬ በዋግ ኽምራ ያረጀ የቤቱን ክዳን የሚቀይር አባወራ ግን መምረጥ ይኖርበታል። ሣር ይክደን? አፈር ይደልድል? ወይስ ቆርቆሮ ይምታ? ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የገንዘብና የክብር ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በዚህ ጽሑፋችን የፊዚክስም ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ጣሪያው ምን ይጠበቅበታል?

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የቀን ፀሐይ ትበረታለች፤ በበጋ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ወደ ሕዋ ትለቃለች። የክረምቱ ዝናብ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃልሎ ይወርዳል። ስለዚህ ጥሩ ጣሪያ የቀኑን ሐሩር የሚከላከል፣ የሌሊቱን ብርድ የሚመክት፣ ድንገተኛውን ዝናብም የሚችል መሆን አለበት።

የአባቶች ጥበብና ዋጋው

የሣር ክዳን ምሥጢሩ ሣሩ ሳይሆን በሣሩ መካከል የታሰረው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን እጅግ በዝግታ ያስተላልፋል። የሣር ክዳን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በአንድ ሜትር በአንድ ኬልቪን 0.07 ዋት ገደማ ሲሆን የብረት ግን 50 ገደማ ነው። ይህም ከ700 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይሁንና ሣር ይበሰብሳል፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ እሳትም ይፈራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በድርቅ ዘመን ለክዳን የሚታጨደው ሣር ለከብቱም ቀለብ ነው።

በአጎራባቹ ትግራይ ሕድሞ በሚባለው ቤት እንደሚታየው ያለ የአፈር ጣሪያ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ወፍራም አፈር ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። የቀትሩ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ማታ፣ ሙቀት በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,600 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 320 ኪሎ ግራም ያሳርፋል። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ላለው ጣሪያ 12,800 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህን የሚሸከም የጥድና የወይራ ግንድ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ብርቅ ሆኗል።

ቆርቆሮ ምን አመጣ?

ሸንተረር ያለውን የብረት ሉህ ሄንሪ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1829 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት አስመዘገበው። በ1837 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በዚንክ የመለበጥን ዘዴ አስመዘገበ። ሸንተረሩ ስሱን ሉህ እንዳይጎብጥ ያጠነክረዋል፤ ዚንኩ ደግሞ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል።

0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ከላይ ካሰላነው አፈር መቶ ጊዜ ያህል ይቀልላል፤ የባሕር ዛፍ ማገርም ይበቃዋል። ገዢው ሊያስተውል የሚገባው ነገር ቢኖር የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ መሄዱን ነው። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ በእጅጉ ይሳሳል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ውኃ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ለተጎዳችው ዋግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ከ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ከሚወርደው 80 በመቶው ቢጠራቀም 16,000 ሊትር ይገኛል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 800 ጊዜ ከምንጭ ተሸክሞ መመላለስን ያስቀራል። ከሣርም ሆነ ከአፈር ጣሪያ እንዲህ ያለ ንጹሕ ውኃ አይገኝም። የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራ ስለሚያጥብ ማፍሰስ፣ ማጠራቀሚያውን መክደን፣ ለመጠጥ የሚውለውን ውኃም ማፍላት ወይም ማከም ያስፈልጋል።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ ሙቀቱንም ቁልቁል ይረጫል። ሌሊት ከአካባቢው አየር በታች ስለሚቀዘቅዝ የቤቱ እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል።

የባዕድ አገር መፍትሔስ?

በሰሜን አሜሪካ መኖሪያ ቤቶች እጅግ የተለመደው ክዳን የአስፋልት ንጣፍ ነው። ይህም በአስፋልት ተነክሮ በድንጋይ ቅንጣት የተሸፈነ የመስተዋት ጭረት ምንጣፍ ነው። ሆኖም ይህ ንጣፍ ክፍተት በሌለው የጣውላ ወለል ላይ መመታት አለበት። አስፋልቱንም ሙቀትና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያደርቁታል፤ ይሰነጣጥቁታልም። እንጨት በተመናመነበትና ፀሐይ በበረታበት ደጋ እንዲህ ያለው ክዳን አይመከርም።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

ውኃና እንጨት ዋነኛ ችግር በሆኑበት በዋግ ሚዛኑ ወደ ቆርቆሮ ያደላል። ነገር ግን ቆርቆሮው የሣሩን ሥራ ብቻውን እንዲሠራ መጠበቅ የለበትም። ከሥሩ ኮርኒስ ቢሠራ በመካከል የሚቀረው አየር የሙቀቱን ጉዞ ይገታል፤ በግራና በቀኝ መተንፈሻ ቢተውለት ደግሞ ሙቀቱና እርጥበቱ ይወጣሉ። ነጭ ቀለም መቀባትም ፀሐይን ለመመለስ ይረዳል። ምስማሩ ከነጎማው በሸንተረሩ አናት ላይ ቢመታ ዝናብ አያስገባም። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ቢል በጭቃ የተገነባውን የድንጋይ ግድግዳ ከመሸርሸር ያድነዋል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ራሱ እንደ አፈሩ ጣሪያ ሙቀትን ያቆያልና አይናቅ።

ይህን በሥራ ለማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ ቴርሞሜትር ይበቃዋል። የሣር ክዳን፣ ባዶ ቆርቆሮና ኮርኒስ ያለው ቆርቆሮ ባላቸው ሦስት ቤቶች ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለአንድ ሳምንት ይለካ። ቁጥሮቹን በአንድ ሰንጠረዥ ቢያሰፍር ጣሪያውን ሊቀይር ላሰበ ጎረቤቱ ከወሬ የተሻለ ምክር ይኖረዋል።