የጾም የፖም ኬክ በቴፒ

ፖም የደጋ ዛፍ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት የብርድ ወራት ካላገኘ በሚገባ አያብብም፤ አበባ ከሌለም ፍሬ የለም። በአገራችን ስሙ የተጠራው ፖም ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ካለችው ከጨንቻ፣ ከጋሞ ደጋ የሚመጣው ነው። ቴፒ ግን በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ በቡናና በሙዝ መካከል የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች፣ ፖም እኛ ዘንድ በመኪና ተጭኖ፣ አንዳንድ ጊዜም በመንገድ ተጎድቶ የሚደርስ የእንግዳ ፍሬ ነው። የተጎዳው ፍሬ ሳይጣል ለቤተ ሰቡ ሁሉ እንዲበቃ በማሰብ ኬክ መጋገር ጀመርሁ።

የመጀመሪያውን የጋገርሁት በጾመ ነቢያት ውስጥ ለዋለው ለትንሹ ልጄ የልደት ቀን ነበር። ልጁ ሰባት ዓመት አልሞላውምና አራት እንቁላል፣ ቅቤም ሳልሰስት ጨመርሁበት። ሕፃኑ ድርሻውን ይዞ ወደ አያቱ ሮጠና «እማማ፣ እንኩ ይብሉ» አላቸው። አማቴ ቁራሹን ተቀብለው አሸተቱት፤ ልጁን «እደግልኝ» ብለው መረቁት፤ ከዚያም መልሰው በእጁ አስያዙት። ልጁ አያቱ የናቁት መስሎት አለቀሰ። እኔም በዚያች ሌሊት አማቴ የሚቀምሱት ኬክ በዚህ ቤት ሳይጋገር ፖም እንዳልገዛ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ነገሩ ግን እንዳሰብሁት ቀላል አልሆነም። እንቁላል በኬክ ውስጥ ሁለት ሥራ አለው፤ ሊጡን ያያይዛል፣ እንዲነፋም ይረዳል። እርሱን አስቀርቼ ቅቤውን በዘይት ብተካው ኬኩ በቢላዋ ሲነካ እንደ አሸዋ ፈረሰ። በሁለተኛው ጊዜ እንዲነፋልኝ ብዬ ሶዳ አበዛሁ፤ ቀለሙ ጠቆረ፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና አለ። ሶዳ የሚሠራው ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ነው፤ የሚበቃውን ያህል ካላገኘ የተረፈው በምላስ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ ሶዳውን ቀንሼ የሎሚ ጭማቂ ጨመርሁ። ለማያያዣ ደግሞ መድኃኒቱ ከጓሮዬ ነበረ፤ እጅግ የበሰለ ሙዝ።

ሌላም ስሕተት ነበረብኝ። የመጋገሪያ ዱቄቱን ልክ የቀዳሁት አዲስ አበባ ከምትኖር ዘመዴ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ይበልጥ ይለጠጣል፤ ኬኩ ፈጥኖ ያብጥና መልሶ ይወድቃል፤ ባለሙያዎቹም ይህን ዐውቀው የመጋገሪያ ዱቄቱን ይቀንሳሉ። እኛ ከእነርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ስለምንኖር የእነርሱ ልክ ለእኛ ያንሳል። ኬኬ እንደ ጡብ የከበደበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ በዱቄቱ ሳማርር ኖሬአለሁ።

አማቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር። በአራተኛው ሙከራ ግን የኬኩን እርጥብ ታች ነካ አድርገው «ልጄ፣ ፖሙን ጨምቂው እንጂ፤ ውኃውን ይዞ ገብቶ እንዴት ይበስላል?» አሉኝ። እሳቱንም ተረከቡኝ። በቤታችን የመጋገሪያ ምድጃ የለም፤ በወፍራም ብረት ድስት ታች ደረቅ አሸዋ እናነጥፋለን፣ በላዩ መጋገሪያውን እናስቀምጣለን፣ ክዳኑ ላይም ፍም እናደርጋለን። እርሳቸው ድፎ ሲደፉ እንደ ለመዱት ከታች ያለውን እሳት አሳንሰው የላዩን አበረቱት፤ መጋገሪያውንም በእሳት ያለዘቡት ኮባ አለበሱት። ቀረፋው ብቻውን አይበቃም ብለውም ኮረሪማ ፈልፍለው ወቀጡ። ኮረሪማ የዚህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወላጅ ሆኖ ሳለ እኔ ከቡናና ከቅቤ ማንጠሪያ አሳልፌ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከብዙ ድካም በኋላ የጸናው ልክ ይህ ነው። 3 ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማና ቁንጥር ጨው አንድ ላይ ይነፋሉ። በሌላ ዕቃ 1 ስኒ ስኳር፣ ሦስት አራተኛ ስኒ ሽታው ያልበረታ ዘይት፣ አንድ የተፈጨ ሙዝ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ ስኒ ውኃ ይመታሉ። ሦስት መካከለኛ ፖም ተፍቆ ይጨመቃል፤ ከጭማቂው ግን ያው ግማሽ ስኒ በውኃው ፈንታ ቢገባ ይሻላል። ስኒ ያልሁት የሻዩን እንጂ የቡናውን አይደለም። ሁሉም ተቀላቅሎ ወዲያው እሳት ላይ ይውላል፤ ሊጡ ከቆየ ሶዳው ሥራውን በዕቃው ውስጥ ጨርሶ ይቀመጣልና። ለመብሰል አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የተሰካበት ስንጥር ደርቆ ሲወጣ ይነሣል። እስኪበርድ ድረስ አይቆረጥም፤ በዚህ ረገድ ልጆችን መጠበቅ ከመጋገሩ ይከብዳል።

በሚቀጥለው ዓመት በልጁ የልደት ቀን አማቴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ቆዩ። ልጁ አልረሳውምና ድርሻውን ሳይቀምስ አብሯቸው ተቀምጦ ጠበቀ። ሰዓቱ ሲደርስ አማቴ አማትበው ቆረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ፤ ሁለተኛም ቆረሱ። እኔ ምስጋና ስጠብቅ «ኮረሪማው ልክ ነው፤ ስኳሩ ግን በዝቷል» አሉ። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ሦስት አራተኛ ስኒ ብቻ ነው።