የኳስ ኬላ

ቅዳሜ ሲመሻሽ የደቡብ ወሎዋ ወረኢሉ ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ዲኤስቲቪ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ተደግፎ ይቆማል፤ የሁለት ክለብ ስም፣ ከጎኑ ሰዓት። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወራት 11፣ ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ 12 ይሆናል። ተመልካቹ የመግቢያውን ከፍሎ አግዳሚው ላይ ይጠጋጋል። በዚያው ሰዓት ማንችስተር ውስጥ ከስታዲየሙ አጥር ሥር የሚኖር ሰው ቴሌቪዥኑን ቢከፍት ያንን ጨዋታ አያገኘውም።

ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝ ቅዳሜ፣ በአገራቸው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነገር ከቀኑ 8:45 እስከ 11:15፣ የኳስ ጨዋታ በቀጥታ ማስተላለፍ ክልክል ነው። ክልከላው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦብ ሎርድ የሚባሉ የበርንሌይ ክለብ ሊቀመንበር ባነሡት ሥጋት የመጣ ነው፦ ሰው ትልልቆቹን ቡድኖች ቤቱ ቁጭ ብሎ ካየ የትንንሾቹን ስታዲየም ማን ይሞላዋል? ክልከላው የሚሠራው ግን በአገራቸው ድንበር ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በርንሌይ ያለው ሰው የማያየውን ወረኢሉ ያለው ያያል።

የሥርጭት መብት የሚባለውን ነገር ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ኳሱማ የትም አለ፤ መካነ ሰላም መንገድ ዳር ልጆች በጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቆሞ ለማየት የሚከፈል ነገር የለም። ሊግ ለቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሸጠው በር ላይ የመቆምን ሥልጣን ነው። ድሮ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ያልፍ ነበር፤ ኬላው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ከአሞሌውም ከቡናውም ዋጋ እኩል ያሳስበው ነበር። መብት የገዛ ጣቢያም ኬላ ገዛ ማለት ነው፦ በዚህ አገር ክልል፣ በዚህ ቋንቋ፣ ለዚህን ያህል ዓመት፣ በሳተላይት ብቻ ወይም በስልክ ጭምር፣ ከእኔ ውጭ ማንም አያሳልፍም። ውሉ የሚወፍረው በእነዚህ ድንበሮች ዝርዝር ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ ማየትና ሰው ሰብስቦ አስከፍሎ ማሳየት እንኳ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ ለቤተሰብ በተከፈለ ካርድ አርባ ሰው የሚያስኮመኩም ቤት፣ ባለቤቱ አወቀውም አላወቀውም፣ ከውሉ ውጭ ነው።

ኬላ ካለ ደግሞ ኬላውን የሚዞር የበረሃ መንገድም አይጠፋም። የታጂኪስታኑን ቫርዚሽ ቴሌቪዥን የማያስታውስ የኢትዮጵያ ኳስ ወዳድ ጥቂት ነው። ለታጂኪስታን ሕዝብ የተዘረጋው ሥርጭት በሳተላይቱ በኩል ወደ እኛም ይደርስ ስለነበር፣ ዲሽ ሠሪ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ጥቂት ካዞረው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በነፃ ከች ይል ነበር። አንድም ቃሉ ሳይገባን የታጂክ ኮሜንታተር ጩኸት ለምደን ነበር። ሳተላይት ድንበር አያውቅም፣ ውል ያውቃል፤ ሥዕሉን በምሥጢር ቁልፍ ማሰርና በዲኮደር መፍታት የመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በእኛ አገር ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ለረጅም ዘመን ግን ኳስ የሬዲዮ ነበር። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ የሴካፋን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤ ድምፅ ዋንጫውን በየገጠሩ አድርሶታል። ያኔ ጣቢያውም የመንግሥት፣ ስታዲየሙም የመንግሥት፣ ፌዴሬሽኑም በመንግሥት ጥላ ሥር በመሆኑ ስለ መብት ዋጋ ማን ከማን ጋር ይደራደራል? ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ማዛወር ነበር የሚሆነው።

መደራደር የተቻለው ክለቦቹ ከፌዴሬሽኑ ተነጥለው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበርን ካቋቋሙ በኋላ ነው። ማኅበሩ የሁሉንም ክለብ ጨዋታ በአንድ ጥቅል አስሮ ለጨረታ አቀረበ፤ የ5 ዓመቱን መብት መልቲቾይስ፣ ማለትም በአገራችን ዲኤስቲቪ ብለን የምንጠራው፣ ወሰደው። በወቅቱ ዜና ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ የተጠራው ዋጋ ብዙ ሰው አስደንግጧል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ መጠየቅ ያለበት ግን ምን ያህሉ ለክለቦቹ በጥሬ ገንዘብ እንደሚደርስ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ለካሜራ፣ ለኦቢ ቫን (ለተንቀሳቃሹ ማሠራጫ መኪና)፣ ለባለሙያና ለሳተላይት ኪራይ እንደሚውል ነው። አንድን ጨዋታ በቀጥታ ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ፋብሪካ እንደ መትከል ነው።

በጥቅል መሸጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ስፔን ውስጥ ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) የየራሳቸውን ጨዋታ ለየብቻ እየሸጡ ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ ይወስዱ ነበር፤ ያስቆማቸው የመንግሥት አዋጅ ነው። እንግሊዞች ፕሪሚየር ሊጉን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠርቱ በጥቅል ሸጡ፤ አይቲቪ የተባለው የቆየ ጣቢያና አዲሱ ቢስካይቢ ተናንቀው ቢስካይቢ በ304 ሚሊዮን ፓውንድ የ5 ዓመት መብት አሸነፈ። ያ ጣቢያ በወቅቱ በኪሳራ የሚንገዳገድ ነበር፤ ነፍስ የዘራበት ኳስ ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የ4 ዓመት የአገር ውስጥ ውል ወደ 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል።

የእኛው ሊግ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአዲሱ ውል ሲጀመር አንድ ነገር ተቀየረ፤ ወረኢሉዎች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ሠራዊት ከትቶ እንዲጠብቃቸው የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነበር። ሊጉም ክተት ታወጀበት። ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸውን ትተው ሁሉም አንድ ከተማ ላይ ሰፍረው ጥቂት ሳምንት ይጫወቱ ጀመር፣ ከዚያ ሰፈሩ ይነሣ ነበር፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ምክንያቱ ቴሌቪዥኑ ብቻ አልነበረም፣ የኮሮና ወረርሽኝም ነበረበት። ካሜራ ለያዘ ሰው ግን በየከተማው ከመሯሯጥ አንድ ሜዳ ላይ ተክሎ በቀን ሁለትና ሦስት ጨዋታ መቅረፅ ሠርግና ምላሽ ነው።

የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ነው፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። አፄዎቹ ዋንጫውን ሲያነሡ በሙሉ የውድድር ዘመኑ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረጉም። ፋሲለደስ ስታዲየም ባዶውን ከረመ፤ ደጋፊው በየዲኤስቲቪ ቤቱ ነበር። ጎንደር ላይ ያለ የፋሲል ደጋፊና ወረኢሉ ላይ ያለ ተራ ተመልካች በአንድ ዓይነት አግዳሚ ላይ በእኩል ርቀት ተቀመጡ ማለት ነው። ለወረኢሉ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ5ቱ የውል ዓመታት ከደቡብ ወሎ አንድም ክለብ በዚያ ሊግ ውስጥ አልነበረምና ወትሮም ኳስን የሚያውቃት በመስታወት በኩል ነው። ለጎንደሬው ግን መራራ ነበር ብዬ አምናለሁ። ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት "የሜዳው ጨዋታ" የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ለአህጉራዊ ውድድር የሚበቃ ስታዲየም አገር ውስጥ ጠፍቶ።

በዚህ ንግድ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የአሜሪካኖቹ ነው። እነርሱ ዘንድ ጣቢያዎች በቢሊዮን የሚፋጁበት አንዱ ኳስ የተማሪዎች ኳስ ነው፤ ያውም በእጅ የሚያዘው፣ የራስ ቁር የሚደፋበት የእነርሱ ፉትቦል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን አስቡት፣ ከቱሉ አውሊያና ከመካነ ሰላም ግቢዎቹ ጋር። የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ውድድር ሲኖር ተማሪው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ ይበተናል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ግን ለተማሪ ቡድኑ ከ107 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አለው።

ለአሥርተ ዓመታት የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በቴሌቪዥን የሚታየውን ጨዋታ ቁጥር ራሱ እየወሰነ ይገድብ ነበር፤ ሥጋቱ የቦብ ሎርድ ዓይነት ነው። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች "ጨዋታው የእኛ፣ ሻጩ ለምን ሌላ ይሆናል?" ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1984 (እ.ኤ.አ.) 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። ኬላው ፈረሰ ተባለ፤ ገበያው በጨዋታ ተጥለቀለቀና ዋጋው መጀመሪያ ወደቀ። ቆይቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ በየምድባቸው ተሰባስበው የየራሳቸውን ኬላ ተከሉ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ቢግ ቴን የተባለው ምድብ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተብሎ የተዘገበ ውል ተፈራረመ። ገንዘቡን ፍለጋ የሰፈር መነቃቀሉም መጣ፦ የሎስ አንጀለሶቹ ዩሲኤልኤና ዩኤስሲ ወደ ቢግ ቴን ሄዱ፤ የካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ከፓሲፊክ ዳርቻ ተነሥቶ "የአትላንቲክ ዳርቻ" የሚባል ምድብ ገባ። የመካነ ሰላሙን ቦረና ቡድን ከያቤሎው ቦረና ጋር አንድ ምድብ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ እኛስ ቢያንስ ስሙ ይገጥማል። ሜዳ ላይ የሚላተሙት ልጆች ከዚህ ሁሉ ገንዘብ በቀጥታ ከትምህርት ቤታቸው እንዲከፈላቸው የተፈቀደው ገና በ2025 (እ.ኤ.አ.) በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ነው።

ወደ አግዳሚው እንመለስ። መብት በዶላር ይገዛል፣ ተመልካች በብር ይከፍላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የዲኮደሩ ወርኃዊ ክፍያ ሲጨምር የቤቱ ባለቤት መግቢያውን ይጨምራል፤ መግቢያው ሲጨምር ጎረምሳው መስኮት ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም ጎሉን ብቻ በቴሌግራም ያያል። በትልቁ ዓለም ደግሞ ተጫራቾች ራሳቸው እየተዋዋጡ ነው። በአፍሪካ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን አገሮች ይዞ የኖረው የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ፣ ወደ ኢትዮጵያም በአማርኛ ቻናሎች ብቅ ብሎ የነበረው፣ በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) መልቲቾይስን ጠቅልሎ በእጁ አስገባ። ጨረታ ላይ የሚፋለሙት ሁለቱ አንድ ቤት ከሆኑ ሊጎች ዋጋቸውን በማን ያስወጣሉ? የኳስ ባለቤቶች ሊያሳስባቸው የሚገባው ይኼ ይመስለኛል፤ ተመልካች ስለ ወርኃዊ ክፍያ ሲያጉረመርም የሚሰማው ሌላ ነው።

ኬላ ገዥ የማይገዛው ነገርም አለ። የእንግሊዝ ሊግ የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው፤ የወረኢሉ ዝናብ በሚያጓራበት ወር። ደመናው ሲከብድ ሲግናሉ ይደክማል፣ ሥዕሉ ይበጣጠሳል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር የነበረው ተጫዋች አንድ እግሩን አንሥቶ ይደርቃል። የመብራቱም ነገር አለ። መብራት ሲሄድ ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ሲታገል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በጨለማ ውስጥ ውጤቱን በስልክ ጠይቆ ሰምቶ ይጮኻል።

ሁለት ትልልቅ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የዋሉ ዕለት ደግሞ ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ተሰቅሎ፣ አርሰናል በግራ ማንችስተር በቀኝ ይሆናል። ሥዕሉ ለሁሉም ይበቃል፤ ድምፅ ግን ለአንዱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሪሞቱን ይዞ መሐል ይቆምና ቤቱን ይቃኛል፤ በየትኛው ወገን ሰው እንደበዛ በዓይኑ ቆጥሮ፣ የከፈለውንም ያልከፈለውንም ለይቶ፣ የአንዱን ድምፅ ይዘጋል። በዝምታ የሚያዩት ያጉረመርማሉ። እረፍት ላይ አንዳንዶቹ ወጥተው ከሰፈር ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ቁጥር ለማብዛት።